የክት ጫማና ቀይ አፈር፦ ዝሆኔ ባለበት ቤት የሚደጋገሙ ስህተቶች

በኢትዮጵያ ደጋና ወይናደጋ «ዝሆኔ» የሚባለው የእግር እብጠት በአብዛኛው ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ትል የለበትም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። መነሻው አፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብስባሽ የተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር በዓይን የማይታዩ የማዕድን ብናኞች አሉት። ሰው ባዶ እግሩን ሲረግጠው ብናኙ በቆዳ ስንጥቅ በኩል ይገባል፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ይውጡታል፣ ሊያጠፉት ግን አይችሉም። ሰውነት ይቆጣል፤ ሐኪሞች ኢንፍላሜሽን የሚሉት ይህንኑ ነው። ቁጣው በሊምፍ ቱቦዎች ላይ ዓመት ከዓመት ሲመላለስ ቱቦው ይጠባሳል፣ ይጠባል፣ በመጨረሻም ይዘጋል። ከእግር ወደ ላይ መመለስ የነበረበት ፈሳሽም እዚያው ይቀራል።

የበሽታውን ስም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ያጠናው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው፤ ከግሪክኛ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ ቃላት የተሠራ ነው። በአገር አቀፍ ቅኝት 345 ወረዳዎች ውስጥ የተገኘ ሲሆን፣ የሕሙማኑ ቁጥር ከ1 ሚሊዮን በላይ ይገመታል። ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያልተለየው ሰው ግን አይያዝም ማለት ይቻላል። በአውሮፓና በሰሜን አፍሪካም ነበረ፤ ጫማ የሁሉም ሰው ሲሆን ጠፋ። በወላይታ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ደግሞ አንድ ሕመምተኛ ከሥራ ቀናቱ 45 በመቶውን እንደሚያጣ አሳይቷል። ሥራ ያጣ ሰው ሳሙና አይገዛም፤ ሳሙና ያጣ እግር ይቆጣል፤ የተቆጣ እግር አልጋ ላይ ያውላል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስህተቶች ሁሉ ይህንን ዙር የሚያጠብቁ ናቸው።

ጫማን ለክት ማስቀመጥ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ጫማ የሌለው ሰው ብቻ ሳይሆን ጫማ ያለውም ይታመማል፤ ጫማው ለገበያ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለለቅሶና ለሠርግ ስለሚወጣ ነው። ሲያርስ፣ ሲያርም፣ ለግድግዳ ጭቃ ሲረግጥ እግሩ ባዶ ነው። አፈሩ ወደ ቆዳ የሚገባው ግን በእነዚህ ሰዓታት ነው፤ እርጥብ አፈር ከቆዳ ጋር ተጣብቆ ይውላል፣ ሲደርቅ ቆዳውን ይሰነጥቃል፣ በስንጥቁም ብናኙ ይገባል። አንድ ጫማ ብቻ ካለ የሚያስፈልገው ማሳ ላይ ነው። ገበያ በባዶ እግር መሄድ ያሳፍራል፤ ጉዳቱ ግን ከእርሻው ያነሰ ነው።

ክፍት ጫማም መፍትሔ አይደለም። በረባሶ ከእሾህ ያድናል፤ ጣት መሃል የሚገባውን አፈር ግን አያቆምም፤ እንዲያውም በማሰሪያውና በእግሩ መካከል አፈር ይይዛል። የሚያስፈልገው ጣትንና ተረከዝን የሚሸፍን ጫማ ከጥጥ ካልሲ ጋር ነው። የላስቲክ ጫማ ያለ ካልሲ ከተደረገ እግሩ ያልበዋል፣ ጣት መሃል ይርሳል፣ ፈንገስ ይበቅላል፤ ቆዳውም ይላጥና ለአፈሩ ሌላ በር ይከፈታል። ሁለት ጥንድ ካልሲ ቢኖር አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይደረጋል። ጫማው በየማታው ይራገፍ፤ ውስጡ አፈር ካለ ጫማው ራሱ እግሩን ቀኑን ሙሉ በአፈር ያሸዋል።

ያበጠ እግር ያለው ሰው ጫማ የሚለካው ከሰዓት በኋላ፣ እብጠቱ ከፍ ሲል ነው። ጠዋት የተለካ ጫማ ማታ ይነክሳል፣ ቆዳ ይልጣል፣ ሰውየውም በሦስተኛው ቀን ይጥለዋል። በጣም ላበጠ እግር ልኩ ታይቶ የሚሰፋ ጫማ ያስፈልጋል፤ በሽታው በሚበዛባቸው አካባቢዎች እንዲህ ያለ ጫማ የሚሠሩ የሕክምና ማዕከላት አሉ።

ወለሉ አፈር የሆነ ቤትም ሜዳ ነው። ምንጣፍ ወይም ሰሌን ይነጠፍ፤ ሕፃናት ከመጀመሪያው እርምጃቸው ጀምሮ ጫማ ይልመዱ።

«ዘራቸው ነው» ብሎ መራቅ

ከታመመ ሰው ጋር አብሮ መብላት፣ አንድ አልጋ ላይ መተኛት፣ እግሩን ማጠብ አያስይዝም። ሆኖም ሰው ይሸሸዋል፣ ልጁ የሚያገባው ያጣል። እውነቱ ግማሽ ነው፤ የበሽታው ተጋላጭነት በዘር ይወርዳል፤ የታመመ ወንድም ወይም እኅት ያለው ሰው ተጋላጭነቱ ወደ 5 እጥፍ ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የደቡብ ኢትዮጵያ ጥናትም የሰውነት መከላከያን ከሚመሩ የዘር ቅንጣቶች ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳይቷል። ግን የሚወረሰው ለአፈሩ የመቆጣት ባሕርይ እንጂ እብጠቱ አይደለም። ከዚያው ቤት የተወለደና ጫማ ያልተለየው ልጅ አያብጥም። ስለዚህ «በዘራቸው አለ» ሲባል ትክክለኛው እርምጃ ጋብቻ መከልከል ሳይሆን ለልጆቹ ጫማ ማስቀደም ነው።

ሰው ሲደብቀው ደግሞ መጀመሪያው ያልፋል። የመጀመሪያው ምልክት ማታ ማታ የእግር ፊት ለፊት ማቃጠልና ማሳከክ፣ የጣቶች መደንደን፣ ቀን አብጦ ሌሊት የሚጠፋ እብጠት ነው። ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። በዚህ ደረጃ ያለ እግር ሊመለስ ይችላል። ሌሊት የማይጠፋ ከሆነ፣ ከዚያም ቆዳው ሲጠነክርና ከቁርጭምጭሚት በላይ ጉጥ ሲያወጣ፣ የሚቻለው ማቅለል ብቻ ነው።

ያበጠ እግር ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ

ፖዶኮኒዮሲስ ከጣት ይጀምራል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከጉልበት በላይ እምብዛም አያልፍም፤ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ ግን እኩል አይደለም። በትንኝ የሚተላለፈው ትል የሚያመጣው ዝሆኔ እንደ ጋምቤላ ባሉ ቆላ አካባቢዎች ይገኛል፤ ብሽሽትንና የወንድ ዘር ፍሬ ከረጢትን ይይዛል። ሥጋ ደዌ ከሆነ እግሩ ይደነዝዛል፤ በጥጥ ሲነካ አይሰማውም። የፖዶኮኒዮሲስ እግር ግን ይሰማዋል።

ሁለቱ እግሮች እኩል አብጠው ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም ጠዋት ፊት ካበጠ፣ ልብና ኩላሊት ይታዩ። አንድ እግር በድንገት አብጦ ባቱ ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይኬድ።

በረኪናን እንዳሻ ማፍሰስና ያለ ቅደም ተከተል መታጠብ

ሕክምናው ከሳሙና፣ ከውኃና ከቫዝሊን አያልፍም፤ ስህተቱ የሚሠራው በመጠኑና በቅደም ተከተሉ ነው።

ሳፋ ውስጥ ከ5 እስከ 6 ሊትር ንጹሕ ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውኃ ይዘጋጅ። መጀመሪያ እግሩ በገላ ሳሙና በእጅ ይታጠባል፤ እያንዳንዱ የጣት መሃል፣ እያንዳንዱ የቆዳ እጥፋት፣ የጉጡ ሥር ሁሉ። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ቆዳ ያደርቃል፤ ብሩሽና ድንጋይ ደግሞ ይልጣሉ። ሁለተኛ፣ ሳሙናው ይታጠብና ሳፋው በንጹሕ ውኃ ይቀየራል፤ ውኃው ውስጥ የሚጨምሩት በረኪና አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ሚሊ ሊትር ነው። ይህ የተለመደውን 5 በመቶ በረኪና ቢያንስ አንድ ሺህ ጊዜ ያቀጥነዋል። እግሩ በዚህ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ይቆያል።

በረኪናውን ከሳሙናው በፊት ወይም ከአፈሩ ጋር ማድረግ ከንቱ ነው፤ ክሎሪኑ ቆሻሻው ላይ ያልቃልና ለቆዳው አይተርፍም። «ቶሎ ይሻለኛል» ብሎ ማብዛት ደግሞ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ይሰነጥቃል፤ ያልተቀጠነ በረኪና በእግር ላይ ፈጽሞ አይፈስም።

ሦስተኛ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሳይታሽ ተጭኖ ይደረቃል። ጣት መሃል ጨርቁ ተጣጥፎ ይግባ፤ ጣት መሃል የቀረ ውኃ የፈንገስ ቤት ነው። ፈንገስ ካለ ዊትፊልድ ቅባት በጣት መሃል ይቀባል። ቫዝሊን የሚቀባው ከጣት መሃል ውጭ ባለው ቆዳ ላይ፣ ቆዳው ገና ጥቂት እርጥበት ሳለ ነው። ቅቤ መቀባት የተለመደ ነው፤ ግን ይበላሻል፣ ዝንብና አፈር ይስባል።

ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት ቤት 12 ሊትር በየቀኑ ብዙ ነው፤ ይህንን ችላ ብሎ ምክር መስጠት ራሱ ስህተት ነው። የዝናብ ውኃ ይሆናል፤ የመንከሪያው ውኃም ሽንት ቤት ለማጠብ ይውላል። ፈጽሞ ካልተገኘ በሳሙና መታጠቡና ማድረቁ ቅድሚያ አለው።

የሚያጠቃ ሕመም ሲመጣ መብጣት፣ መተኮስና መታጠብ ማቆም

አንዳንድ ቀን እግሩ ይግላል፣ ይቀላል፣ ያማል፤ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ይወጣል፣ ብርድ ብርድ ይላል። ለቀናት ያስተኛል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው እንክብካቤ ባላገኙት ሰዎች ዘንድ ይህ ሕመም በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ይነሳ ነበር፤ የእግር ንጽሕና፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ እንቅስቃሴና ጫማ ባገኙት ዘንድ 19.4 ጊዜ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ አልጋ ላይ ለሚወድቅ ገበሬ ግን በዓመት አራት ጊዜ ከግማሽ ያህል ነው።

በዚያን ጊዜ «ደም ቋጥሮበት ነው» ብሎ ማስበጣት፣ ዋግምት ማድረግ፣ በእሳት መተኮስ ሕመሙን ያባብሳል። ቱቦው የተዘጋ እግር ቁስል አይሽርለትም፤ የተቀደደበት ሁሉ ያመረቅዛል። እግሩን ወደ እሳት ማስጠጋት እብጠቱን ያበዛል።

የሚሠራው ይህ ነው፤ ተኝቶ እግርን ከዳሌ ከፍ ማድረግ፣ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ማልበስ፣ ብዙ ውኃ መጠጣት፣ ለአዋቂ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ከ1 እስከ 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ8 ፍሬ ሳያልፍ፤ የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ይጠይቅ። ፋሻው ሕመሙ እስኪረግብ ይፈታ። መታጠብ ግን አይቋረጥም፤ በቀስታ ይቀጥላል፣ ምክንያቱም ትኩሳቱን ያስነሳው ብዙውን ጊዜ በቁስልና በጣት መሃል የገባ ተዋስያን ነው። ትኩሳቱ ካልበረደ፣ መግል ካለ፣ ሰውየው ከተቀባዠረ ወይም የስኳር ሕመም ካለበት ጤና ጣቢያ ይኬድ፤ አንቲባዮቲክ የሚወሰነው እዚያ ነው።

ውኃ የሚያሸና መድኃኒትና የትል ኪኒን

«እግሬ ውኃ ይዟል» የሚል ሰው ላሲክስ ይገዛል። ኩላሊት ግን የተዘጋ የሊምፍ ቱቦ አይከፍትም፤ ሰውየው ሽንቱን ያበዛል፣ ያዞረዋል፣ ፖታሲየሙ ይወርዳል፣ እግሩ እንደነበረ ይቆያል። የትል በሽታን ለማስወገድ በሚደረግ ዘመቻ የሚሰጠው ኢቨርሜክቲንና አልቤንዳዞልም በዚህ እብጠት ላይ ምንም አይሠራም።

ፋሻን ቁርጭምጭሚት ላይ ማጥበቅ

ፋሻ ከጣት ሥር ይጀምራል፣ ከላይ ወደ ጉልበት እየሄደ ቀስ በቀስ ይላላል። መሃል ላይ ብቻ ከታሰረ ከታች ያለው ያብጣል። ጠዋት ከመነሳት በፊት፣ እብጠቱ ዝቅ ባለበት ሰዓት ይታሰር፤ ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ በአስቸኳይ ይፈታ። የታሰረ እግር መንቀሳቀስ አለበት፤ ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች ማድረግና ማዞር፣ ጣቶችን ማጠፍና መዘርጋት። የባት ጡንቻ በፋሻው ውስጥ ሲሠራ ፈሳሹን ይገፋዋል፤ ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው ፋሻ ብቻውን ብዙ አይረዳም።

ቀዶ ጥገና ይጨርሰዋል ማለት

ጉጦች ጫማ ከከለከሉ በቀዶ ጥገና ይወጣሉ፤ ያግዛልም። ነገር ግን የተዘጉት ቱቦዎች አልተከፈቱምና ታጥቦ ጫማ የማያደርግ ሰው እግሩ መልሶ ያብጣል። ወራት ታጥቦ ቀጠነ ብሎ የተወም እንዲሁ ነው። ማጠቡ እንደ ስኳር መድኃኒት ዕድሜ ልክ ይቀጥላል፤ ለዚህ ነው ሳሙናው፣ ቫዝሊኑና ጫማው በወር ወጪ ውስጥ ከጨው ጎን መግባት ያለባቸው።