አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ቀይረው መኪናው ካስቸገረ፦ ችግር፣ መንስኤ፣ መፍትሄ

«ዘይቱ ሳይቀየር ደህና ነበር፤ የተበላሸው ከተቀየረ በኋላ ነው።» ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲወራ ይህ አቤቱታ አይጠፋም። አንዳንዴ ካምቢዮው ድሮውንም አልቆለት ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ግን ጉዳዩ የልክ ነው፤ ዘይቱ አንሷል፣ በዝቷል፣ ወይም በተሳሳተ መንገድ ተለክቷል። ካምቢዮው ይውረድ ከማለትዎ በፊት መለኪያውን መዝዘው ይዩ።

ምሳሌ የማደርገው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የተሠራውን ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ኮሮላ ነው። የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ዘንግ ስላለው ለጀማሪ ይመቻል። ካምቢዮው በጠቅላላው ከ6 ሊትር በላይ ቢይዝም፣ የማፍሰሻው ብሎን ሲፈታ የሚወጣው 3 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ቀሪው ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ውስጥና ቱቦዎቹ ውስጥ ይቀራል። ዘይቱ ተቀይሮ ወዲያው ጠቆር ካለ ይህ ነው ምክንያቱ፤ ማንም አላታለለዎትም። በየመሀሉ ትንሽ እየነዱ ሦስት ጊዜ ቢደግሙት አሮጌው ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል።

መለኪያው በየጊዜው የተለያየ ልክ ያሳያል

የሞተር ዘይት የሚለካው ሞተር ጠፍቶ ነው። የካምቢዮው ተቃራኒ ነው፣ ግራ መጋባቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ኮንቨርተሩ ውስጥ ካለው ዘይት የተወሰነው ወደ ታች ይመለሳል፣ ዘንጉ ላይ ልኩ ከፍ ብሎ ይታያል። በዚህ አይቶ «በዝቷል» ብሎ የቀነሰ ሰው ካምቢዮውን አስራበው ማለት ነው። ሙቀትም አለ። ዘይት ሲሞቅ ስለሚሰፋ በብርድ የተሞላ ካምቢዮ ሲሞቅ ልኩን ያልፋል። ዘንጉ ላይ «ኩል» እና «ሆት» የሚሉ ሁለት ምልክቶች ያሉት ለዚህ ነው። «ኩል» ለመነሻ ያህል ነው፤ የሚታመነው «ሆት» ነው፣ እሱም ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲሞቅ። ሞተሩን አስነስቶ ቆሞ መጠበቅ ለዚህ አይበቃም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል መንዳት ይሻላል።

ከዚያ ሜዳ ቦታ ያቁሙ። ግቢዎ ተዳፋት ከሆነ እዚያ አይለኩ። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ የእግር ፍሬን ረግጠው ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እንዳለ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል በየቦታው ሁለት ሦስት ሰከንድ እያቆዩ ያሳልፉትና ወደ ፒ ይመልሱት። ሞተሩን ሳያጠፉ ዘንጉን ይምዘዙ፣ ክር በማይለቅ ንጹህ ጨርቅ ይጥረጉ፣ እስከ መጨረሻው ከትተው እንደገና ያውጡ። ሁለቱንም ፊት ይዩ። አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ካለ ዝቅ ያለውን ይመኑ፤ ከፍ ያለው ከቱቦው ግድግዳ የተቀባ ሊሆን ይችላል። ዘይት የሚጨመረውም በዚሁ ቱቦ ስለሆነ፣ ጨምረው ወዲያው ቢለኩ ንባቡ አይታመንም፤ ጥቂት ደቂቃ ይታገሱ።

ሆንዳ የያዙ ልብ ይበሉ፦ ዘንግ ባላቸው ሆንዳዎች ላይ የሚለካው መኪናው ሞቆ፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ነው።

ማርሽ ሲያስገቡ ዘግይቶ ይይዛል፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል መኪናው አይሄድም

ዘይት አንሷል። ፓምፑ ከዘይት ጋር አየር ይስባል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ፍሪሲዮኖቹ (ተጣብቀው ማርሹን የሚይዙት ሳህኖች) አጥብቀው መያዝ ያቅታቸዋል። እንዲህ ሆኖ መንዳት ፍሪሲዮኑን ያቃጥላል፤ ስለዚህ «እስከ ቤት ላድርሰው» አይበሉ።

መፍትሄው ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር እየጨመሩ፣ በየጊዜው ከላይ እንደተባለው እየለኩ መሄድ ነው። ከመነሻው ለመዳን ደግሞ የወጣውን መለካት ነው። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ገልብጠው መጠኑን ምልክት ያድርጉ፣ ያንኑ ያህል አዲስ ይመልሱ። የወጣው ትኩስ ሆኖ የሚገባው ቀዝቃዛ ከሆነ ልዩነት ስላለ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ። ኮፓው (ከካምቢዮው ስር ያለው የዘይት ሳህን) ወርዶ ፊልትሮ (ማጣሪያው) ከተቀየረ ከ3 ሊትር በላይ ይወጣል፤ በቁጥር ብቻ የሞላ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ሌላም ምክንያት አለ፣ ከሚገመተው በላይ ያጋጥማል፦ የተፈታው ብሎን የሌላ ነው። በዚህ ኮሮላ የሞተሩ ማፍሰሻ በ14 ቁልፍ ይፈታል፣ የካምቢዮው ግን በአለን ቁልፍ ነው። የሞተር ዘይት ልቀይር ብሎ የካምቢዮውን አፍስሶ፣ ከላይ ሞተሩ ላይ 4 ሊትር የጨመረ ሰው ካምቢዮው ባዶ፣ ሞተሩ ደግሞ ከልኩ በላይ ይሆንበታል። ማስነሳት የለበትም። ቀይ ወይም ወደ ቡናማ የሄደ ቀጭን ዘይት ከወጣ የካምቢዮ መሆኑን ይጠርጥሩ።

ልኩ ትክክል ሆኖ አሁንም ከተንሸራተተ፣ የወጣውም ዘይት ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ከነበረው፣ ያለቀው ፍሪሲዮኑ ነው። ያንን አዲስ ዘይት አይመልሰውም።

አረፋ ያወጣል፣ ከላይ ይተፋል፣ ከኮፈኑ ስር ጭስ ይሸታል

በዝቷል። የሚሽከረከሩት ክፍሎች ዘይቱ ውስጥ ገብተው ይንጡታል፣ አየር ይቀላቀላል። የሚገርመው፣ አየር የገባበት ዘይት ግፊት ስለማይይዝ የበዛበት መኪናም እንዳነሰበት ሊንሸራተት ይችላል። በምልክቱ ብቻ ፈርደው ዘይት አይጨምሩበት።

ትርፉን ለማውጣት ብሎኑን በትኩሱ መፍታት እጅ ያቃጥላል፣ መጠኑንም መቆጣጠር አይቻልም። ትልቅ ስሪንጅ ጫፍ ላይ ቀጭን ቱቦ ሰክተው በመለኪያው ቀዳዳ ይሳቡ። ቤንዚን በአፍ እንደሚሳበው ግን አይሞክሩት።

ልኩ ትክክል ነው፣ ነገር ግን ማርሽ ሲቀይር ይመታል ወይም ይንቀጠቀጣል

የዘይቱን ዓይነት ይጠይቁ። ቶዮታ ቲ-ፎርና ደብሊው ኤስ የሚሏቸው ዘይቶች ሁለቱም ቀይ ናቸው፣ ውፍረታቸው ግን አንድ አይደለም፤ ደብሊው ኤስ ይቀጥናል። የትኛው እንደሚገባ አብዛኛውን ጊዜ ዘንጉ ላይ ተጽፏል። ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራም ይግዙ ከሌላ ቦታ፣ ጽሑፉን በስልክዎ ፎቶ አንስተው ይሂዱ። «ለሁሉም መኪና ይሆናል» የሚል ጣሳ ለአሮጌ ባለ 4 ማርሽ ምናልባት ያልፍ ይሆናል፤ ሲቪቲ (ቋሚ ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ ካምቢዮ) ላለው ቪትዝ ግን እኔ አልገዛውም። ሲቪቲ የሚሠራው የብረት ቀበቶ በፑሊ ላይ ተጣብቆ ሲዞር ነው፤ የራሱ የሆነ ቲሲ ወይም ኤፍኢ የተባለ ዘይት አለው። ተራ የካምቢዮ ዘይት ሲገባበት ቀበቶው ይንሸራተታል፣ ፑሊውን ይቧጭራል። ከገባ ሳይነዱ አፍስሰው በትክክለኛው ደጋግመው ማጠብ ነው።

ዘይቱ የእንጆሪ ወተት መስሏል

ውሃ ገብቶበታል፣ ብዙውን ጊዜ ራዲያተሩ ውስጥ ካለው የካምቢዮ ማቀዝቀዣ። መኪናውን ያቁሙ። ራዲያተሩ ሳይቀየር ዘይት መቀየር ገንዘብ መድፋት ነው።

ኮፓው ሲወርድ ማግኔቶቹ ላይ ግራጫ ጭቃ መሳይ ነገር ቢያዩ አይደንግጡ፤ የተለመደ ነው፣ ጠርገው ይመልሱ። የሚያሳስበው በጣት የሚያዝ የብረት ስብርባሪ ነው። የኮፓውን ትንንሽ ብሎኖች ደግሞ በጉልበት አያጥብቁ፤ ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) ተጨፍልቆ ማንጠባጠብ ይጀምራል፣ ብሎኑም በቀላሉ ይበጠሳል። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ስር አይግቡ፣ የብረት መቆሚያ ያድርጉ።

መለኪያ ዘንግ የለውም

ብዙ አዳዲስ መኪኖች እንዲህ ናቸው። ልኩ የሚታወቀው ከታች ባለ የትርፍ ማፍሰሻ ነው፦ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ወደ 40 ዲግሪ ገደማ ደርሶ፣ ብሎኑ ሲፈታ ዘይቱ በቀጭኑ ወርዶ ወደ ጠብታ ሲለወጥ ልኩ ደርሷል። ምንም ካልወጣ አንሷል። መኪናው አራቱም እግሩ እኩል ከፍ ማለት አለበት፤ ፊቱ ብቻ በክሪክ ከተነሳ ውጤቱ ከንቱ ነው። የዘይቱን ሙቀት የሚያነብ የኮምፒውተር መሣሪያ ከሌለዎት ጋራዥ ይውሰዱት። ራስዎ የሚሠሩት ከሆነ ግን የማፍሰሻውን ብሎን ከመንካትዎ በፊት የመሙያው ብሎን መፈታቱን ያረጋግጡ፤ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ መሙያው ተነክሶ አልፈታ ቢል፣ መኪናው በራሱ ከግቢ አይወጣም።