በመኝታ መኪና ውስጥ የሚገጠም ቴሌቪዥን፦ ከግዢው እስከ ዲሹ

ወንበሮቹ ወጥተው አልጋ የተሠራለት ሚኒባስ ይዞ ጣና ዳር ማደር የለመደ ሰው ቴሌቪዥን ሊገዛ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ኢንቹ ነው። በመኪና ውስጥ ግን ኢንቹን የሚወስነው ቦታው ራሱ ነው፤ ከትራሱ እስከ ስክሪኑ ያለው ርቀት ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም ስለማያልፍ ከ19 እስከ 24 ኢንች ይበቃል። ሻጩ ከፊት ለፊት ሲያበራልዎ እርስዎ ጀርባውን ይመልከቱ። ቀጥሎም ጎንበስ ብለው ከታችና ከጎን ይዩት፤ በመኪና ውስጥ ተኝቶ የሚያይ ሰው ፊት ለፊት የሚያይበት ጊዜ ጥቂት ነውና ከጎን ሲታይ ቀለሙ የሚገረጣውን ይተዉት።

ከጀርባው የተለጠፈው ጽሑፍ ቴሌቪዥኑ የሚወስደውን ኃይል በዋት ይናገራል፤ 24 ኢንች የሆነ ኤል ኢ ዲ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 40 ዋት ይወስዳል። ከዚህም በላይ የሚጠቅመው የኃይል አገባቡ ነው። አንዳንዱ በቀጥታ 220 ቮልት ላይ የሚሰካ ሲሆን፣ አንዳንዱ እንደ ላፕቶፕ ውጫዊ አዳፕተር አለው። አዳፕተሩ ላይ የሚያወጣው ቮልቴጅ 12 ተብሎ ከተጻፈ ያለ ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚለውጥ ዕቃ ሳይገባ፣ ከባትሪ ሊሠራ ስለሚችል፣ ትንሽ ቢወደድም እሱን መምረጥ ይሻላል፤ ኢንቨርተር ከሚያሳልፈው ኃይል ጥቂት የማይባለውን በሙቀት ያባክናል፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶም ካልተዘጋ መብላቱን አያቆምም። ሞተሩ ሲሠራ ግን ዲናሞው ቮልቴጁን እስከ 14.4 ስለሚያደርሰው፣ በመካከል 12 ላይ የሚያጸና መቆጣጠሪያ ማስገባት ይገባል። በናፍጣ ከሚሠሩ አውቶቡሶች መካከል 24 ቮልት የሚጠቀሙ ስላሉ፣ ገመድ ከመቀጠል በፊት በቴስተር መለካት አይዘንጋ።

በመጀመሪያው ዓመት እኔ ኢንቨርተሩን ያስቀጠልሁት ከሞተሩ ባትሪ ላይ ነበር። ማታ 4 ሰዓት የጀመረ ኳስ እያየን እንቅልፍ ወሰደን፤ ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ቀረ፣ ዓሣ ሊሸጡ የመጡ ልጆችም ገፍተው አስነሡን። ስለዚህ ለመኝታው ክፍል የተለየ ባትሪ ያስፈልጋል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ 30 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥንና 10 ዋት የሚወስድ ሪሲቨር አንድ ላይ ከ12 ቮልት ባትሪ 3.3 አምፔር ይስባሉ፤ በቀን ለ4 ሰዓት ያህል ቢታይ 13 አምፔር ሰዓት ገደማ ይሆናል። 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣልና፣ ሳይሞላ ሦስት ምሽት ያገለግላል። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን፤ ቴሌቪዥኑ ዘንድ ከተደረገ መሃል ላይ ገመዱ ተልጦ ላሜራ ቢነካ የሚያድነው የለም።

ማንጠልጠያው በቀጥታ በላሜራው ላይ አይታሰር። በትናንሾቹ ቴሌቪዥኖች ጀርባ ያሉት አራት ቀዳዳዎች ርቀታቸው ብዙውን ጊዜ 75 ወይም 100 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብራኬቱን በዚያ ልክ ገዝቶ፣ ከመኪናው አጥንት ጋር በቡሎን በተያዘ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ላይ ማሰር ነው። ከዳዶው ሥር ስፕሪንግ ሮንዴላ ካልገባ ኮረኮንች መንገድ ይፈታዋል። ወደ ጢስ ዓባይ ለመሄድ ሲነሡ ደግሞ ስክሪኑን አውርዶ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አልጋው ላይ ማስተኛት ከሁሉም ይበልጣል።

የቀረው ዲሹ ነው፣ ብዙ ሰውም የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ዲሹን ጣሪያው ላይ ማሰር ይቅር፤ ውስጥ አንድ ሰው በተገላበጠ ቁጥር መኪናው ይወዛወዛል፣ ምስሉም ይቆራረጣል። መሬት ላይ በሦስት እግር ማቆሚያ ተተክሎ ውሃ የተሞላ ጀሪካን ቢንጠለጠልበት የሐይቁን ነፋስ ይችላል። የአገራችን ጣቢያዎች የሚገኙበት የኢትዮሳት ሳተላይት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለሆነ፣ ከባሕር ዳር ሲታይ አቅጣጫው ከሰሜን በሰዓት ዙር 120 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍታው ደግሞ ከአድማስ በላይ 63 ዲግሪ ያህል ነው። ኮምፓሱ ከመኪናው ብረት ራቅ ብሎ ይነበብ። ባሕር ዳር ከሐይቁ በስተደቡብ ስለምትገኝ ዲሹ ለውሃው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ዛፎቹ ያያል፤ ስለሆነም ለጥላ ሲባል ዋርካ ሥር የቆመ መኪና ቴሌቪዥን አያገኝም፣ ረዘም ያለ ገመድ ይዞ ዲሹን ወደ ገላጣው መውሰድ ግድ ይሆናል። በሰሜኑ ዳርቻ በጎርጎራ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ዲሹ ሐይቁን አሻግሮ ስለሚያይ የሚጋርደው የለም።

ከፍታው ከተያዘ በኋላ ዲሹን ወደ ግራና ቀኝ በጣት ስፋት እያንቀሳቀሱ፣ በየጊዜው ጥቂት ሰከንድ ቆም እያሉ የሪሲቨሩን የጥራት መለኪያ ማየት ነው፤ በስክሪኑ ላይ ከሚታዩት ሁለት መስመሮች የሚታመነው ጥራቱን የሚያሳየው ነው፣ የሲግናሉን ኃይል የሚያሳየው ሌላው ዲሹ ሰማይ ባያይም ሊሞላ ይችላል። ጥራቱ ታይቶ ዝቅ ካለ ኤል ኤን ቢው፣ ማለትም ከዲሹ ፊት ያለው መቀበያ፣ በመያዣው ውስጥ ቀስ እየተባለ ይዙር፤ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ከቆመበት ብዙ መዞር ይፈልጋል። በክረምት ከባድ ዝናብ ሲጥል ምስሉ ቢጠፋ ምንም ነገር አይነካካ፣ ሲያባራ ይመለሳል። የተገኘው ከፍታ በማቆሚያው ላይ በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ ከባሕር ዳር ጎርጎራ ድረስ ልዩነቱ አንድ ዲግሪ ስለማይሞላ፣ በሚቀጥለው ማደሪያ የሚፈለገው አቅጣጫው ብቻ ይሆናል።