የጎጆው ክዳን ግድግዳው ውስጥ ለምን ይሰምጣል? በዝርግ ንድፍ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የፋሲልን ግንብ ወይም የገጠር ጎጆ በካርቶን ለመሥራት የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ሲያጣብቅ ሳይሆን ገና ሲያሰምር ነው። ዝርግ ንድፍ ማለት የአንድ ጠጣር ቅርጽ ገጾች ሁሉ ተዘርግተው ወረቀት ላይ የተሰመሩበት ነው። የሚለካውም በገጹ ላይ የሚሄደው ርቀት እንጂ ፊት ለፊት ቆመው የሚያዩት ቁመት አይደለም።

ኮምፓስን በግርጌው ሬዲየስ መክፈት። ብዙ ካርቶን የሚያባክነው ይሄ ነው። ግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ጎጆ እንውሰድ። ክዳኑ በየጎኑ 2 ሳንቲ ሜትር እንዲያልፍ የግርጌው ዲያሜትር 24፣ ቁመቱ 9 ይሁን። ብዙዎች ኮምፓሱን በ12 ይከፍታሉ፤ መከፈት ያለበት ግን ከጫፉ እስከ ጠርዙ ባለው ተዳፋት ልክ ነው። 12 በ12 144፣ 9 በ9 81፣ ድምሩ 225፣ ስኩዌር ሩቱ 15። ቀጥሎ 12ን ለ15 አካፍለው በ360 ሲያባዙ 288 ዲግሪ ያገኛሉ። የቀረው 72 ዲግሪ ይቆረጣል፤ ለማጣበቂያ ግን 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠርዝ ይተዉ። በ12 ከፍተው ያንኑ 72 ዲግሪ ከቆረጡ የግርጌው ዲያሜትር 19.2 ብቻ ይሆንና ክዳኑ ግድግዳው ውስጥ ይሰምጣል።

የካርቶኑን ውፍረት መርሳት። ለግድግዳው 20 በ3.14 ሲባዛ 62.8 ሳንቲ ሜትር ይመጣል፤ ለስስ ማኒላ ወረቀት ይበቃል። ካርቶኑ 3 ሚሊ ሜትር ከወፈረና 20 የውስጥ ዲያሜትር ከሆነ ግን 20.3 በ3.14 ያባዙ፤ 63.7 ይሆናል። ያቺ 9 ሚሊ ሜትር ስትጎድል ጫፎቹ አይገናኙም። የኤ2 ወረቀት ረጅሙ ጎን 59.4 ስለሆነ አይበቃም፤ ኤ1 ይያዙ ወይም ሁለት ቁራጭ ይቀጥሉ። እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ውስጡ የታጠፈ ካርቶን ከሆነ መስመሮቹ ከታች ወደ ላይ ይቁሙ፤ አግድም ከዋሉ ግድግዳው አይጠቀለልም፣ ይሰበራል።

ጉልላትን በአንድ ቁራጭ መዘርጋት። የሉል ገጽ ሳይለጠጥ ወይም ሳይጨማደድ እንደማይዘረጋ ጀርመናዊው የሂሳብ ሊቅ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1827 አረጋግጧል፤ ስለዚህ አይድከሙ። የፋሲል ግንብ አራት የማዕዘን ማማዎች ጉልላት አላቸው። ለሞዴል አንዱን 10 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ግማሽ ሉል አድርገው ከግርጌ እስከ ጫፍ በሚደርሱ፣ ወደ ላይ በሚጠቡ 12 ቁራጮች ወይም ቅጠሎች ይከፋፍሉት። የእያንዳንዱ ቅጠል ቁመት 5 ሳይሆን 7.85 ነው፤ ቅስቱን ተከትሎ ስለሚሄድ። ስፋቱ ከግርጌ 2.62፣ ሲሶው ላይ 2.27፣ ሁለት ሲሶው ላይ 1.31፣ ጫፉ ላይ ዜሮ። ነጥቦቹን በማስመሪያ ሳይሆን በእጅ በሚሳብ ቅስት ያገናኙ፤ ቅጠሉ ቀጥ ያለ ሦስት ማዕዘን ከሆነ ጉልላቱ ሹል ጣሪያ ሆኖ ይቀራል።

ስድስት ካሬ ሁልጊዜ ኪዩብ ይሆናል ብሎ ማሰብ። ስድስት ካሬዎች ጎን ለጎን የሚያያዙባቸው መንገዶች 35 ናቸው፤ ተጣጥፈው ኪዩብ የሚሆኑት 11 ብቻ። አራት ካሬ በአንድ ነጥብ ከተገናኙ ወይም አምስቱ በአንድ መስመር ከተሰለፉ ወዲያው ይተዉት። የማጣበቂያ ጠርዝ ደግሞ 7 ይበቃል፤ በ14ቱም የውጭ ጎኖች ላይ ከተተወ ጠርዝ ከጠርዝ ይጋጫል።

መታጠፊያውን ባለቀ እስክሪብቶ ጫን ብለው ያስምሩ፤ ወፍራም ካርቶን ከሆነ በውጭ በኩል እስከ ውፍረቱ ግማሽ ድረስ ይቁረጡት። በርና መስኮት ሳይጣበቅ በፊት ይከፈት፤ ንድፉን በካርቶኑ ጀርባ ካሰመሩ ግን የግራው በር ቀኝ ላይ እንደሚወጣ አይዘንጉ።

በግንቡ ግድግዳ አናት ላይ ያሉት ጥርሶች ከግድግዳው ጋር አብረው ይሰመሩ እንጂ በኋላ አይለጠፉ። እዚያ ጠርዝ ላይ ማጣበቂያ ስለማይኖር፣ ጣሪያውን ከጥርሶቹ ግርጌ ዝቅ አድርገው፣ ከውስጥ በሚለጠፉ ለየብቻ የተቆረጡ ማሰሪያዎች ላይ ያሳርፉት።