ከከተራ እስከ ሚካኤል፦ የሰው መረጃ ለምትይዙ ሁሉ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ፔንሲዮን፣ ክሊኒክ፣ ፎቶ ቤት፣ ሲበላሽባቸው ይደውሉልኛል። መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «የትኛው አንቲቫይረስ ይሻላል?» ነው። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ፦ «የሰው መረጃ ምን ምን አላችሁ? ለምን ያዛችሁት?»

ጥያቄው ከራሴ የመጣ አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ዓላማውን እንዲያውቅ ያስገድዳል። ለዓላማው ከሚበቃው በላይ መሰብሰብ፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይም ማቆየት አይፈቀድም። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው። ያልያዛችሁት ነገር አይሰረቅባችሁም።

አንድ ወረቀት ውሰዱና አራት ቦታ ክፈሉት። ምን ያዝን? ለምን? ማን ያየዋል? እስከ መቼ? አንድ ፔንሲዮን ውስጥ ይህን ስንሞላ የእንግዶች ፓስፖርት ፎቶ በቴሌግራም ግሩፕ ሲዘዋወር አገኘን። ግሩፑ ውስጥ ዘጠኝ ሰው አለ። ሁለቱ ሥራ ከለቀቁ ቆይተዋል! «እስከ መቼ?» የሚለው ባዶ ሆኖ ቀረ። ፔንሲዮኑ እንግዳውን በመዝገብ ጽፎታል፤ ታዲያ ፎቶው ለምን? በዚያው ቀን አጠፋነው።

ባናጠፋው ኖሮስ? በጥምቀት ሰሞን ከተማው እንዴት እንደሚሞላ ታውቃላችሁ። ከታቦቱ ጋር ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ የእንግዳ ተቀባዩ ስልክ ኪሱ ውስጥ መቅረቱን ማን ዋስ ይሆናል? እንዲህ መረጃ ከእጅ ሲወጣ፣ ካወቃችሁበት ሰዓት ጀምሮ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማሳወቅ አለባችሁ። 72 ሰዓት ሲባል ሰው ግራ ይገባዋል። እኔ «ከከተራ እስከ ሚካኤል ነው» እላለሁ፤ ወዲያው ይገባቸዋል። በዓል ነው ብሎ ሰዓቱ አይቆምም። ስለዚህ ማን እንደሚደውል፣ ለማን እንደሚደውል ዛሬውኑ ጽፋችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉ። ሠራተኛውም ስልክ ጠፋብኝ ብሎ ሲመጣ አትቆጡት። ከተቆጣችሁት በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቃችኋል።

ክሊኒክ ከሆናችሁ ጠበቅ አድርጉ። የጤና መረጃ፣ ሃይማኖት፣ ብሔር፣ አሻራ፣ እነዚህን አዋጁ ለይቶ በልዩ ጥንቃቄ ያስቀምጣቸዋል። የታካሚ ካርድ የሚከፈትበት ኮምፒውተር ላይ ሒሳብ ሠራተኛዋ ምን ትሠራለች?

የይለፍ ቃል ነገርማ አይወራም። አምስት ሰው በአንድ ስም ይገባል፤ ቁልፉም የከተማው ስምና 123 ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባን ይቀጣል። ግን ሁሉም በአንድ ስም ከገባ ማን እንደገባ በምን ታሳያላችሁ? ለእያንዳንዱ የራሱን ስም ክፈቱለት። ሥራ የለቀቀውን በለቀቀበት ቀን ዝጉበት።

ወረቀት መዝገብም ነፃ አይደለም። የፔንሲዮኑ መዝገብ ባንኮኒ ላይ ተዘርግቶ የገባ የወጣው ሁሉ ያነበው ነበር። መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍ አልኳቸው፤ ቆለፉት። በሳምንቱ ሄጄ ቁልፉ የት እንዳለ ጠየቅሁ።

«እዛው መሳቢያው ላይ ተሰክቷል» አሉኝ።