የአዛውንት ወላጅን የደም ግፊት በቤት ውስጥ እንዴት እንለካለን?

ደሴ ውስጥ አንድ አባት ቀጠሮ መርሳት፣ የገበያ ሒሳብ ማምታታት ሲጀምሩ ቤተሰቡ «ዕድሜ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አንዳንዴ ግን ጥፋተኛው ለዓመታት ሳይለካ የኖረ የደም ግፊት ነው። ግፊት ወደ አንጎል ጥልቅ ክፍል የሚገቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያደነድናል፤ ሕመም የሌላቸው ጥቃቅን ጉዳቶች ይጠራቀማሉ፤ ሐሳብም ይዘገያል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 ውጤቱ የወጣው የአሜሪካው ስፕሪንት ማይንድ ጥናት ተስፋ ይሰጣል፦ የግፊቱን የላይኛውን ቁጥር (ለምሳሌ በ135/85 ላይ 135ን) ከ120 በታች ለማድረግ የታከሙት፣ ግባቸው ከ140 በታች ከነበሩት ይልቅ መለስተኛ የማሰብና የማስታወስ መዳከም የሚያጋጥማቸው ዕድል በ19 በመቶ ቀንሷል። የለየለት የመርሳት በሽታን መከላከሉ ግን አልተረጋገጠም።

መጀመሪያ ላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰር መሣሪያ ይግዙ፤ አንጓ ላይ የሚታሰረው ይቅርብዎ። ማሰሪያው ለክንዱ ከጠበበ ቁጥሩን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል።

ከዚያ ሰዓት ይምረጡ። ከሰኞ ገበያ ዳገቱን ወጥተው አሁን የገቡ እናት ወዲያው አይለኩም። ከመለካቱ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና፣ ጫትና ሲጋራ የለም፤ ከአቦል እስከ በረካ ለሚጠጣበት ቤት ይህ ቀላል አይደለምና ጀበናው ሳይጣድ ቢለኩ ይሻላል። ሽንትም አስቀድሞ ይሸና።

በርጩማ አይሆንም። መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ፣ እግር ሳይነባበር መሬት ረግጦ፣ 5 ደቂቃ ይረፉ። በደሴ ብርድ ሹራብ ማውለቅ ቢያስመርርም ማሰሪያው ባዶ ክንድ ላይ ይታሰር፤ ክንዱም በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ዝምታው ነው፤ እየተለኩ መጫወት ብቻውን ቁጥሩን 10 ያህል ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ጠዋት ከመድኃኒትና ከቁርስ በፊት፣ ማታም እንደገና፣ በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን ለክተው ይመዝግቡ። የመጀመሪያውን ቀን ትተው የቀረውን አማካይ ያውጡ። 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደብተሩን ለሐኪም ያሳዩ።

ከስግደት ወይም ከሶላት ሲነሱ የሚያዞራቸው ከሆነ ቆመው ከ1 እና ከ3 ደቂቃ በኋላም ይለኩ። የላይኛው ቁጥር ተቀምጠው ከተለኩት በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ለሐኪም ይነገር እንጂ መድኃኒቱን በራስ ማቋረጥ አደገኛ ነው። ረመዳን የሚጾሙም የመድኃኒቱን ሰዓት አስቀድመው ከሐኪም ጋር ይወስኑ።

ፊት ከጠመመ፣ አንደበት ከተሳሰረ ወይም አንድ እጅ ከዛለ ግን መለኪያውን ሳይፈልጉ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።