ስለ ሞትና ስለተዘጋ ድምፅ በእንግሊዝኛ ስናወራ የምንሠራቸው ስህተቶች

እንግሊዝኛን ከፊልም የለመደ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ለቅሶ ላይ ነው። ቃሉን ያውቀዋል፤ የት እንደሚባል ግን ማንም አልነገረውም።

«ክሮክ»ን እንውሰድ። የእንቁራሪት ጩኸት ነው። በጎረነነ ድምፅ መናገርም ክሮክ ነው። በአራዳ ቋንቋ ደግሞ መሞት ማለት ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው «አይ ካን ኦንሊ ክሮክ» ቢል ድምፄ ተዘግቷል ማለቱ ስለሆነ አይደንግጡ። «ግራንድፓ ክሮክድ» ከተባለ ግን አያት ሞተዋል፤ ያውም «ድፍት አሉ» በሚል ቃና። አባቱ ለሞተበት ሰው በፍጹም አይባልም።

«ኪክ ዘ በኬት»ም ያው መሞት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1785 መዝገበ ቃላት ውስጥ የገባ ዕድሜ ጠገብ አባባል ቢሆንም ዛሬም የቀልድ ነው። ሰው ስለ ራሱ ይቀልድበታል፤ ከመሞቴ በፊት ላድርገው የሚባለው «በኬት ሊስት»ም ከዚሁ የወጣ ነው። ሐዘንተኛ ፊት ግን አያንሡት። ይህንኑ መሞት የሚለውን «ባይት ዘ ደስት»ንም እንዲሁ።

ከሁሉ የከፋው «ፓስ አዌይ»ን ከ«ፓስ አውት» ማምታታት ነው። «ሺ ፓስድ አዌይ» አረፈች ነው። «ሺ ፓስድ አውት» ራሷን ሳተች ነው። አሜሪካ አረጋውያንን በመንከባከብ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ስልክ አንሥተው አንዱን በሌላው ከቀየሩት በሕይወት ላለች እናት ቤተሰብ ያለቅሳል፤ እርዳታም ሊዘገይ ይችላል። ሆስፒታል መዝገብ ላይ ሞቷል ለማለት «ኤክስፓየርድ» የሚል ቢያዩም ለቤተሰብ አይድገሙት። «ሂ ዳይድ» ብሎ በግልጽ መናገር ነውር የለበትም። ሐኪሞችም መርዶ ሲነግሩ እንዲህ እንዲሉ ይመከራሉ።

«ሂ ኢዝ ዳይድ» ግን ስህተት ነው። «አረፈ»ንም «ሂ ሬስትድ» ብለው ከመለሱት ሰሚው ጋደም ብሎ ተነሣ ነው የሚመስለው። ለማጽናናት «አይ አም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ይበቃል። ረጅም ንግግር አያስፈልግም።

ወደ ድምፅ ስንመጣ፣ «ማይ ቮይስ ኢዝ ክሎዝድ» አይባልም። ጨርሶ ሲዘጋ «አይ ሎስት ማይ ቮይስ»፣ ሲሻክር «አይ አም ሆርስ» ነው። ይህ ቃል አነባበቡ ከፈረስ ጋር አንድ ስለሆነ ሲጽፉ ፊደሉን ያጣሩ። «ፍሮግ ኢን ማይ ትሮት» ጉሮሮን ጠረግ ሲያደርጉ ለሚለቅ አክታ ነው። ድምፅዎ ከሻከረ 3 ሳምንት ካለፈው ሐኪም ጋ ይሂዱ። እዚያም ፈሊጡን ትተው «አይ ሃቭ ቢን ሆርስ ፎር ስሪ ዊክስ» ይበሉ።