ዘንባባን ከዘር አብቅሎ ለማሳደግ

ዘንባባ በአገራችን በወንዝ ዳርና በእርጥብ ስፍራ በተፈጥሮው የሚበቅል፣ ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ የሚያወጣና ከ10 ሜትር በላይ ሊረዝም የሚችል ዛፍ በመሆኑ፣ ከቤት ግድግዳና ከመተላለፊያ ቢያንስ 4 ሜትር ርቆ ቢተከል ይመረጣል። ለጠባብ ግቢ አልመክረውም።

ለዘር የሚሆነው ብርቱካናማ ቀለም የያዘ፣ በጣት ሲጫኑት የሚለሰልስ ፍሬ ነው። ሥጋው ተልጦ ዘሩ ከታጠበ በኋላ፣ ውሃው በየዕለቱ እየተቀየረ 2 ቀን ይዘፈዘፍና አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር በተሞላ የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ ይቀበራል። ለመብቀል ወራት ሊወስድ ስለሚችል አፈሩን እየቆፈሩ ማየት አያስፈልግም። በመጀመሪያ ብቅ የምትለው አንዲት ቀጥ ያለች፣ ሣር የምትመስል ቅጠል ስለሆነች፣ አረም ናት ብሎ የሚነቅላት አይጠፋም።

ችግኙ የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር፣ በፕላስቲኩ ውስጥ በነበረበት ጥልቀት ልክ ይተከላል፤ ቅጠል የሚያወጣው እምብርት በአፈር ከተሸፈነ ይበሰብሳል። በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት በበጋ ውሃ ሊቋረጥበት አይገባም። ወንዴና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ስለሚገኙ ፍሬ የሚፈልግ ሰው ብዙ ችግኝ ቢተክል ይሻለዋል።

ሲገረዝ የደረቁት የታች ቅጠሎች ብቻ ይቆረጣሉ፤ በቅጠሉ ግርጌ ያለው እሾህ ክፉ ስለሆነ ወፍራም ጓንት ማድረግ የግድ ነው። ለሆሳዕና ለጋውን ቅጠል የሚወስዱም ከአንዱ ግንድ አንድ ብቻ ይቁረጡ፤ የግንዱ እምብርት ከተጎዳ ያ ግንድ ዳግመኛ አያቆጠቁጥም።